ነጻው ብራውዘር ስንት ያስከፍላል?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው፡፡ በሕግ ትምህርት ቤት ሳለን መምህራኖቻችን ይህንኑ ምክር «ያላነበባችሁትን አትፈርሙ» እያሉ ይነግሩን ነበር፡፡ እኔም በሙያዬ ዘመን ምክሩን ለደንበኞቼ ሳከፋፍል ኖሬ፣ ራሴ ግን በኮምፒውተሬ ላይ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ቁልፍ ሳላነብ ስንት ጊዜ እንደተጫንኩ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው፡፡ ይህንን ጉዴን እንዳስብበት ያደረገችኝና ለዛሬው ጽሑፍ መነሻ የሆነችኝ በገለጉ ከተማ አንዲት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት የእህቴ ልጅ ነች፡፡

ገለጉን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ነች፡፡ ቋራ የመይሳው ካሳ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ አገር ሲሆን፣ ዛሬ በምዕራብ ጎንደር ዞን ሥር ከሱዳን ጋር የሚዋሰን የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ቆላ ነው፡፡ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም የሚገኘው እዚሁ ነው፡፡ በእንዲህ ዓይነት ከተማ ያለ የጽሕፈት ቤት ሥራው ደብዳቤ መተየብ ብቻ አይደለም፡፡ ተማሪው የ12ኛ ክፍል ውጤቱን የሚያየው፣ ነጋዴው ፈቃዱን የሚያሳድሰው፣ ሰሊጥ ያከማቸው ገበሬ የምርት ገበያውን ዋጋ የሚጠይቀው፣ ሥራ ፈላጊው ማስታወቂያ የሚፈልገው በዚያችው በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ነው፡፡ የኢንተርኔት መስመሩ ደግሞ ከስልክ የሚሳበው የሞባይል ዳታ ነው፡፡

ታዲያ በጥቅምት ወር አንድ ማታ ስልክ ደወለችልኝ፡፡ ድምፅዋ ልክ አልነበረም፡፡ «ጋሼ፣ የሰው ልጅ ዕድል ላበላሽ ነበር» አለችኝ፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አንድ ተማሪ እሷ ዘንድ መጥቶ የሚመደብበትን ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሞላ፡፡ ብራውዘሩ «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጠው?» ብሎ ሲጠይቅ ልጁ ወይም እሷ፣ ማን እንደሆነ ሁለቱም አያስታውሱም፣ «አዎ» የሚለውን ተጫኑ፡፡ በማግሥቱ ሌላ ተማሪ መጣ፡፡ ያንኑ ገጽ ሲከፍት ብራውዘሩ የትናንቱን ልጅ ስምና የይለፍ ቃል ራሱ ሞልቶ አስገባው፡፡ ችኩል ነበርና ከላይ የተጻፈውን ስም ሳያይ የራሱን ምርጫ በሌላው ልጅ ቅጽ ላይ ሞልቶ አስቀመጠና ሄደ፡፡ የመጀመሪያው ልጅ በሌላ ጉዳይ ወደ ሱቋ ባይመለስና «እስቲ አንዴ ልየው» ባይል ኖሮ የሚያውቅ አልነበረም፡፡ ምርጫው ሊዘጋ የቀረው አንድ ቀን ነበር፡፡

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ልጣለው ወይስ ብራውዘሩን ልቀይረው?» ስትል ጠየቀችኝ፡፡ እኔም መልሱን ወዲያው ስላላወቅሁት እስከ ጥምቀት ጊዜ ስጪኝ አልኳት፡፡ ያገኘሁትን ለእርስዎም ይጠቅም ይሆናል በሚል እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ፡፡

ብራውዘር ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ብዙዎቻችን «ጉግልን ክፈትልኝ» ስንል ኢንተርኔትን፣ ብራውዘርንና የመፈለጊያ ገጽን አንድ እናደርጋቸዋለን፡፡ ሦስቱ ግን የተለያዩ ናቸው፡፡ ኢንተርኔት ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው መስመር ነው፡፡ የመፈለጊያ ገጽ ደግሞ የትኛው ጽሑፍ የት እንዳለ የሚጠቁም አንድ ድረ ገጽ ነው፡፡ ብራውዘር፣ በአማርኛ አንዳንዶች ማሰሻ የሚሉት፣ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ፕሮግራም ሲሆን፣ ገጹን ካለበት ኮምፒውተር ጠይቆ ተቀብሎ በፊደልና በሥዕል አደራጅቶ የሚያሳይዎት ነው፡፡

በሕግ ቋንቋ ልናገርና፣ ብራውዘር ወኪልዎ ነው፡፡ በእርስዎ ስም ይጠይቃል፣ በእርስዎ ስም ይቀበላል፣ በእርስዎ ስም ይፈርማል፡፡ የባንክዎን የይለፍ ቃል፣ የጎበኟቸውን ገጾች ዝርዝር፣ የጻፏቸውን ቅጾች ያውቃል፡፡ ወኪል ስንሾም ደግሞ ሁለት ነገር እንጠይቃለን፡፡ አንደኛ ሥራውን ይችላል ወይ? ሁለተኛ ታማኝነቱ ለማን ነው? የብራውዘር ምርጫም ከዚህ የተለየ አይደለም፡፡

ነጻ የሆነው እንዴት ነው?

የመጀመሪያውን ብራውዘር እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ስዊዘርላንድ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1990 ሠራው፡፡ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1993 የድረ ገጹን ቴክኖሎጂ ማንም ያለ ክፍያ እንዲገለገልበት ለቀቀው፡፡ በዚያው ዓመት ሞዛይክ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ኔትስኬፕ መጡ፡፡ ኢንተርኔት ለእኛ አገር ሕዝብ አገልግሎት በተከፈተበት በ1989 ዓ.ም. በዓለም ላይ የነበረው ፍልሚያ በኔትስኬፕና በማይክሮሶፍት መካከል ነበር፡፡

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለውን ብራውዘሩን በነጻ አቀረበ፤ ቀጥሎም ከዊንዶውስ ጋር አጣበቀው፡፡ ኮምፒውተር የገዛ ሁሉ ሳይጠይቅ ብራውዘር አገኘ፡፡ የአሜሪካ መንግሥት ከ20 ግዛቶች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 1998 ክስ መሠረተ፡፡ ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል አዘዙ፡፡ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማግሥቱ ዓመት የመክፈሉን ትእዛዝ ሽሮ፣ የሞኖፖል ሥልጣኑን ያለ አግባብ ጠብቆ ለማቆየት ሠርቷል የሚለውን ግን በከፊል አጸናው፡፡ ጉዳዩም በስምምነት ተቋጨ፡፡

ፍርዱ ለኔትስኬፕ አልደረሰለትም፡፡ ኩባንያው አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የፕሮግራሙን ምንጭ ለሕዝብ ክፍት አድርጎት ስለነበር ከዚያ ፍርስራሽ ሞዚላ ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 ፋየርፎክስ ብቅ አለ፡፡ አውሮፓውያንም በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የብራውዘር ምርጫ የሚያቀርብ ገጽ እንዲያሳይ አስገደዱት፡፡ ቃሉን ባለማክበሩም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 የ561 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣሉበት፡፡ አንባቢ ልብ ይበል፣ ቅጣቱ የተጣለው በነጻ በሚሰጥ ዕቃ ምክንያት ነው፡፡

የእኛም ሕግ ለዚህ ሐሳብ ባዳ አይደለም፡፡ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን የሚከለክል ነው፡፡ ዘይት ለመግዛት ሳሙና አብረህ ካልወሰድክ የተባለ የከተማችን ሸማች የኔትስኬፕን እሮሮ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል፡፡

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2022 ጡረታ ወጥቷል፡፡ ዛሬም በየቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያችን ሰማያዊ «ኢ» የሚጫኑ ሠራተኞች አሉና ይህን ዓረፍተ ነገር ቢያሳዩአቸው ደግ ነው፡፡

ክፍያው የት ነው?

ገንዘብ የማናወጣበት ነገር ሁሉ ያለ ዋጋ የተሰጠ አይደለም፡፡ የዛሬው የብራውዘር ገበያ ገንዘብ የሚመጣው በዋናነት ከመፈለጊያ ገጽ ነው፡፡ በአድራሻው ሳጥን ውስጥ ቃል ሲጽፉ ጥያቄዎ ወደ የትኛው የመፈለጊያ ገጽ ይሂድ የሚለው ትልቅ ገበያ ነው፡፡ የአሜሪካ መንግሥት በጉግል ላይ ባቀረበው ክስ እንደታየው፣ ኩባንያው በሌሎች ብራውዘሮችና ስልኮች ላይ ቀዳሚ ምርጫ ሆኖ ለመቀመጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል፡፡ ዳኛ አሚት ሜህታ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 2024 ጉግል በመፈለጊያ ገበያ ሞኖፖሉን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቋል ሲሉ ወሰኑ፡፡ መንግሥት ክሮም ይሸጥ ብሎ ቢጠይቅም ዳኛው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ይህንን ሳይቀበሉ፣ በብቸኝነት የሚያስሩ ውሎችን ግን ከለከሉ፡፡ የሚገርመው የጉግል ተፎካካሪ የሆነው የሞዚላም ገቢ አብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ከጉግል ክፍያ መሆኑ ነው፡፡

ሁለተኛው ክፍያ የእርስዎ መረጃ ነው፡፡ ምን እንደፈለጉ፣ የት ገጽ ላይ እንደቆዩ፣ ምን ሊገዙ እንዳሰቡ ለማስታወቂያ ይውላል፡፡ አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች፡፡ እንዲህ ያለ ሕግ መውጣቱ መልካም ነው፡፡ ይሁንና ሕግ ለተኛ ሰው በር አይዘጋም፡፡ «ተስማምቻለሁ» ብለን የተጫንነው ቁልፍ ፈቃዳችን ሆኖ ይቆጠራል፡፡

ሦስተኛው ክፍያ ደግሞ በገለጉ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ የሞባይል ዳታ፡፡ ማስታወቂያው፣ ራሱ የሚከፈተው ቪዲዮ፣ ከጀርባ የሚወርደው እድሳት ሁሉ ከተገዛው ጥቅል ላይ ይቀነሳል፡፡ «ነጻ» የተባለው ብራውዘር በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን በብር ያቀርባል ማለት ነው፡፡

ስንመርጥ ምን እንመዝን?

አንደኛ፣ እድሳት ያገኛል ወይ? ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፡፡ እድሳት የቀረበት ብራውዘር መዝጊያው እንደተሰበረ ቤት ነው፡፡ ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ለዊንዶውስ 7 እና 8.1 አዲስ እትም መስጠት አቁሟል፤ በእነዚያ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው እትም 109 ነው፡፡ ዊንዶውስ 10 ራሱ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፡፡ ስለዚህ መጀመሪያ የኮምፒውተርዎን ዕድሜ ይወቁ፡፡

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ይሸከመዋል ወይ? ብራውዘር ዛሬ ከብዙ ፕሮግራሞች ይበልጥ ራም የሚበላ ሆኗል፡፡ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ቢጫኑ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደወሰደ ዊንዶውስ ያሳይዎታል፡፡ ሰው የነገረዎትን ሳይሆን ራስዎ ያዩትን ይመኑ፡፡ ተመሳሳይ አምስት ገጾችን በሁለት ብራውዘር በየተራ ከፍቶ ማወዳደር አሥር ደቂቃ አይፈጅም፡፡

ሦስተኛ፣ ዳታ ይቆጥባል ወይ? ማስታወቂያ የሚያግድ ብራውዘር ዓይንን ብቻ ሳይሆን ኪስንም ያሳርፋል፡፡

አራተኛ፣ ምን ያስታውሳል? ማንስ ሊያየው ይችላል? የእህቴ ልጅ ችግር ይኸው ነበር፡፡

አምስተኛ፣ የሚፈልጓቸው ገጾች ይከፈቱበታል ወይ? አንዳንድ የመሥሪያ ቤትና የባንክ ገጾች ሲሠሩ የሚሞከሩት በአንድ ብራውዘር ብቻ ይመስላል፡፡ በዚህ ምክንያት በኮምፒውተር ላይ ሁለት ብራውዘር መኖሩ ቅንጦት አይደለም፤ አንዱ እምቢ ሲል ሌላውን ይሞክሩታል፡፡

አማርኛን በተመለከተ የዱሮው ሰቀቀን አልፏል፡፡ በእኔ ዕድሜ ያለ አንባቢ የአማርኛ ጋዜጣ በኢንተርኔት ሲከፍት ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ይደረደሩለት እንደነበር ያስታውሳል፡፡ እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ፊደል ካላወረድክ ይል ነበር፡፡ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባና ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር «ኒያላ» የተባለውን ፊደል ካወጣ ወዲህ ችግሩ እየቀለለ መጥቶ፣ ዛሬ ከታች የምጠቅሳቸው ሁሉ ፊደላችንን ያሳያሉ፡፡ ክሮም የራሱን ምናሌ ጭምር በአማርኛ ማድረግ ይችላል፡፡

ተመራጮቹ አንድ በአንድ

ክሮም፡፡ ጉግል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ያወጣው ሲሆን፣ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ይህንን ነው፡፡ ጥንካሬው ሁሉም ገጽ ማለት ይቻላል የሚከፈትበት መሆኑና ቶሎ ቶሎ መታደሱ ነው፡፡ ድክመቱ ባለቤቱ ማስታወቂያ ሻጭ መሆኑ ነው፡፡ ዩብሎክ ኦሪጂን የተባለው ታዋቂ ማስታወቂያ አጋጅ፣ ጉግል የተጨማሪ ፕሮግራሞችን ደንብ በመለወጡ ምክንያት በክሮም ላይ መሥራት አቁሟል፤ የቀረው ቀለል ያለ ወንድሙ ነው፡፡ ራም ላነሰው ኮምፒውተር ክሮም የማይጠቀሙባቸውን ታቦች የሚያስተኛ ማስተካከያ አለውና ይክፈቱት፡፡

ኤጅ፡፡ የማይክሮሶፍት ነው፡፡ ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ ይመጣል፡፡ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በውስጡ የክሮም ሞተር የሆነውን ክሮሚየምን ይጠቀማል፡፡ ስለዚህ ለክሮም የሚከፈት ገጽ ለእሱም ይከፈታል፡፡ የማያገለግሉ ታቦችን በማስተኛትም ደህና ነው፡፡ አዲስ ነገር ለማውረድ ዳታ ለሌለው ሰው አስቀድሞ በኮምፒውተሩ ላይ መኖሩ ራሱ ጥቅም ነው፡፡ የሚያሰለቸው «እኔን ቀዳሚ አድርገኝ» እያለ መወትወቱ ነው፡፡ ታሪኩን ላነበበ ሰው ይህ ልማድ አዲስ አይደለም፡፡

ፋየርፎክስ፡፡ ከላይ እንደገለጽኩት የኔትስኬፕ ልጅ ነው፡፡ ባለቤቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ ፋውንዴሽን ሲሆን፣ የክሮምን ሞተር የማይጠቀም የራሱ ሞተር ያለው ነው፡፡ ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭና ቪቫልዲ ሁሉ በአንድ ሞተር የሚነዱ መኪኖች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ ዩብሎክ ኦሪጂን በፋየርፎክስ ላይ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፡፡ ለዊንዶውስ 7 እና 8.1 ባለቤቶችም ሞዚላ 115 የተባለውን የረጅም ጊዜ እትም ሌሎች ፊታቸውን ካዞሩ በኋላ ለዓመታት የደኅንነት እድሳት ሲሰጠው ቆይቷል፡፡ ድክመቱ አልፎ አልፎ የማይከፈትበት ወይም ተዛብቶ የሚታይበት ገጽ መኖሩ ነው፡፡

ኦፔራ፡፡ የኖርዌይ ምርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ባለሀብቶች ተገዝቷል፡፡ የኮምፒውተሩ ኦፔራ ማስታወቂያ አጋጅ አብሮት ይመጣል፡፡ አገራችን ከሁሉም ይበልጥ የምታውቀው ግን የስልኩን ኦፔራ ሚኒን ነው፡፡ ኦፔራ ሚኒ ገጹን በመጀመሪያ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ወስዶ፣ አሳንሶና ጨምቆ ይልካል፡፡ በዚህም ዳታ ይቆጥባል፡፡ ይሁንና ከፍተኛውን የቁጠባ ደረጃ ሲጠቀሙ በእርስዎና በድረ ገጹ መካከል ሦስተኛ ወገን ገባ ማለት ነው፡፡ ዜና ለማንበብ ግድ የለም፤ ባንክ ለመክፈት ግን በዚህ ደረጃ አይጠቀሙ፡፡

ብሬቭና ቪቫልዲ፡፡ ሁለቱም በክሮሚየም ላይ የተሠሩ ናቸው፡፡ ብሬቭ ማስታወቂያና ክትትልን ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ያግዳል፤ ስለዚህ ዳታ ይቆጥባል፡፡ ከክሪፕቶ ገንዘብ ጋር የተያያዙ ነገሮቹን የማይፈልግ ሰው ማጥፋት ይችላል፡፡ ቪቫልዲ ደግሞ ሁሉን ነገር እንደ ፍላጎቱ መለዋወጥ ለሚወድ ሰው ነው፡፡

ሳፋሪ የአፕል ነው፡፡ ለማክና ለአይፎን ባለቤቶች ጥሩ ሲሆን፣ ለዊንዶውስ መዘጋጀቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ቀርቷል፡፡ «ሳፋሪ ለዊንዶውስ» የሚል ካዩ አሮጌ ነው ወይም ወጥመድ ነው፡፡

ስለ ወጥመድ ካነሳን አይቀር፣ ብራውዘር የሚወርደው ከሠሪው ድርጅት ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ነው፡፡ በማስታወቂያ ከመጣ ገጽ፣ «ብራውዘርዎ አርጅቷልና እዚህ ይጫኑ» ከሚል መስኮት አይውሰዱ፡፡ የቁልፍ ምልክት ያለበት አድራሻም ቢሆን መስመሩ የተጠበቀ መሆኑን እንጂ ባለቤቱ ጨዋ መሆኑን አይመሰክርም፡፡ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው፡፡ ዳታ ለመቆጠብ ደግሞ ሙሉውን የመጫኛ ፋይል አንድ ሰው ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላይ አውርዶ በፍላሽ ቢያመጣው ለአምስት ኮምፒውተር ይበቃል፡፡

የጋራ ኮምፒውተር ሕግ

አሁን ወደ ገለጉ እንመለስ፡፡ ለጥምቀት ጎንደር ስንገናኝ የእህቴ ልጅ ያችን ላፕቶፕ ይዛልኝ መጣች፡፡ ዊንዶውስ 7 ላይ የተጫነ አሮጌ ክሮም ነበረበት፡፡ የተቀመጡትን የይለፍ ቃላት ዝርዝር ስንከፍት ሁለታችንም ዝም አልን፡፡ የመምህር፣ የነጋዴ፣ የተማሪ፣ የጤና ባለሙያ ኢሜይል ከነይለፍ ቃሉ ተደርድሯል፡፡ ኮምፒውተሩ ራሱ የመግቢያ ቃል ስላልነበረው ማንም ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሊያየው ይችል ነበር፡፡

በሕግ ዓይን ነገሩን እንየው፡፡ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ሆን ብሎ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ዳታ መግባትን ወንጀል አድርጎታል፡፡ ሁለተኛው ተማሪ ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ወንጀለኛ አይደለም፡፡ የእህቴ ልጅም ክፉ ሐሳብ አልነበራትም፡፡ ነገር ግን ወንጀል ሳይኖር ጉዳት ሊኖር ይችላል፡፡ የአንድ ልጅ አራትና አምስት ዓመት የት እንደሚያልፍ ሊወስን የነበረው የአንድ ቁልፍ «አዎ» ነው፡፡

ስለዚህ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልዘርዝር፡፡ ቢሮው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ለሚጋራ ባለሙያም ይሠራል፡፡

መጀመሪያ የተቀመጡትን የይለፍ ቃላት በሙሉ አጠፋን፡፡ ቀጥሎ ብራውዘሩ የይለፍ ቃል ላስቀምጥ ብሎ እንዳይጠይቅ አደረግን፡፡ ይህ ማስተካከያ በሁሉም ብራውዘሮች ውስጥ አለ፡፡ ሦስተኛ ፋየርፎክስን በፍላሽ ጫንንና በተዘጋ ቁጥር ኩኪዎችንና ታሪኩን እንዲያጠፋ አዘዝነው፡፡ ኩኪ ማለት ድረ ገጹ «ይህ ሰው ያው ትናንት የገባው ነው» ብሎ እንዲያውቅ የሚተወው ምልክት ነው፡፡ ኩኪው ካልጠፋ የይለፍ ቃል ባይቀመጥ እንኳ የትናንቱ ሰው ገጽ ሊከፈት ይችላል፡፡ ክሮምና ኤጅን የሚመርጥ ሰው ደግሞ «እንግዳ» በሚለው መስኮት ደንበኛውን ማስተናገድ ይችላል፤ መስኮቱ ሲዘጋ ሁሉ ይጠፋል፡፡ አራተኛ ለኮምፒውተሩ ራሱ የመግቢያ ቃል አበጀንለት፡፡ አምስተኛ በግድግዳው ላይ «ከመነሳትዎ በፊት ይውጡ፤ ስምዎን ያረጋግጡ» የሚል ወረቀት እንድትለጥፍ ተስማማን፡፡

«ስውር መስኮቱስ አይበቃም ወይ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር፡፡ ስውር መስኮት ከእርስዎ በኋላ ወንበሩ ላይ ከሚቀመጠው ሰው ይሰውርዎታል እንጂ ከድረ ገጹና ከኢንተርኔት አቅራቢው አይሰውርዎትም፡፡ ጉግል በዚሁ የክሮም ስውር መስኮት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በስምምነት ጉዳዩን ሲቋጭ የተሰበሰቡ መረጃዎችን ለማጥፋት ተስማምቷል፡፡

አንድ ነገር ደግሞ ከእሷ ተማርኩ፡፡ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ሱቋን ያቆመላት አስቀድማ በፒዲኤፍ አስቀምጣቸው የነበሩ ቅጾችና መመሪያዎች ነበሩ፡፡ ሁሉም ብራውዘሮች የከፈቱትን ገጽ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ «ፕሪንት» ብለው በወረቀት ፋንታ ፒዲኤፍን መምረጥ ነው፡፡ መስመር ሲኖር ማስቀመጥ መስመር ሲጠፋ ያበላል፡፡

ማጠቃለያ

እንግዲህ ውሳኔ ስጥ ብትሉኝ እንዲህ እላለሁ፡፡ ዊንዶውስ 11 ላለው የቢሮ ባለሙያ ኤጅ ወይም ክሮም ለሥራው ይበቃዋል፤ ለግል ጉዳዩ ፋየርፎክስን ወይም ብሬቭን ጎን ለጎን ቢይዝ ሥራውና ቤቱ አይደባለቁበትም፡፡ ኮምፒውተሩ ያረጀና ራሙ ያነሰ ሰው ከነማስታወቂያ አጋጁ ፋየርፎክስን ይሞክር፡፡ ዊንዶውስ 7 ላይ ያለ ሰው ደግሞ ብራውዘር መለወጡ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ እንዳልሆነ ይወቅ፡፡ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያሉ በነጻ የሚገኙ ሥርዓቶች ፋየርፎክስን ይዘው ስለሚመጡ ለእንዲህ ያለ ማሽን ሁለተኛ ዕድሜ ሊሰጡት ይችላሉ፡፡ የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ የሰሊጡ ሥራ ጋብ ሲል ወደዚያ እንድታዞረው መክሬያታለሁ፡፡

ኮምፒውተሩን ልጣለው ወይስ ብራውዘሩን ልቀይረው ላለችኝ ጥያቄ የሰጠኋት መልስ ግን «መጀመሪያ አዎ ማለትን ቀንሺ» የሚል ነው፡፡ ብራውዘሮቹ ሁሉ ነጻ ናቸው፤ ስለዚህ በገንዘብ አንመርጣቸውም፡፡ የምንመርጣቸው በሚጠይቁን ጥያቄና እኛ በምንሰጣቸው መልስ ነው፡፡

ልጁ ምርጫውን በመጨረሻው ቀን አስተካክሎ የፈለገበት ዩኒቨርሲቲ ደርሶታል፡፡ ከመሄዱ በፊት ሱቋ ድረስ መጥቶ ተሰናብቷታል፡፡ እሷም ስልኩን ይዞ ኢሜይሉን ሲከፍትላት «ውጣ! መጀመሪያ ውጣ!» ብላ ጮኸችበት አሉ፡፡ ልጁ ከሱቁ ያባረረችው መስሎት ደንግጦ ነበር፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡